ሁለቴ የሚያንኳኩ ግሶች

እነዚህን ቃላት ድምፅ አውጥታችሁ በሏቸው፤ ጎተጎተ፣ ወተወተ፣ ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ፣ ኮረኮረ፣ ቆሰቆሰ፣ ቀሰቀሰ። ትርጉማቸውን ለጊዜው ተዉትና ድምፁን ብቻ ስሙት። ሁሉም አንድ ቁራጭ ድምፅ ይዘው ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ጎተ-ጎተ፣ ወተ-ወተ፣ ነዘ-ነዘ። ሥራቸውም ተቀራራቢ ነው። የተቀመጠን ለማስነሳት፣ ዝም ያለን ለማናገር፣ እንቢ ያለን ለማስማማት ወይም የበረደን ለማጋጋል የምናደርገውን ሁሉ የምንጠራው በእነሱ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በአማርኛ ሰውን ማነሳሳት ማለት መደጋገም ማለት ነው፤ ቃሉም የሚናገረውን ሥራ እየሠራ ነው የሚነገረው።

ማስረጃ ካስፈለገ አዳማ መናኸሪያ በር ላይ መቆም ይበቃል። መኪና የሚያስሞላ ረዳት መድረሻውን አንዴ ጠርቶ ሲበቃው የሰማ ሰው የለም። «አዲሳባ አዲሳባ! የሞላ የሞላ! አንድ ሰው አንድ ሰው!» ይላል፤ ገብታችሁ ስታዩት ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ብትሄዱም ያው ነው። አዳማ በ1992 ዓ.ም. ከናዝሬትነት በይፋ ወደ ድሮ ስሟ ብትመለስም ረዳቶቹ አፍ ላይ ዛሬም «ናዝሬት ናዝሬት» ናት። ናዝሬት አንዴ ከተባለ የቦታ ስም ነው፤ ሁለቴ ሲባል «ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ግባ እንጂ» ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አማርኛ ግስን የሚደጋግምባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው መንትያ ሆነው የተወለዱት ናቸው። «ወተወተ»ን ለሁለት ብትከፍሉት «ወተ» የሚባል ግስ አታገኙም፤ «ነዘ»ም የለም። ከመጀመሪያውኑ ጥንድ ሆነው ነው የመጡት፤ አንዴ ብቻ መወትወት አይቻልማ። ሁለተኛው መንገድ ነጠላውን ግስ ወስዶ ከመሐሉ አንዱን ፊደል ማባዛት ነው። ሰበረ ሰባበረ፣ ጠየቀ ጠያየቀ ይሆናል። በዚሁ መንገድ ነካ ነካካ፣ ጎነተለ ጎነታተለ፣ ገፋ ገፋፋ ሆነ።

ገፋን እና ገፋፋን አስተያዩዋቸው። በር ይገፋል፤ ባትሪው የደከመ ባጃጅ ይገፋል። ሰውን ከገፋችሁት ይወድቃል። ከገፋፋችሁት ግን አይወድቅም፤ ይልቁንም ተነስቶ ይሄዳል፤ ወይ ሱቅ ይከፍታል፣ ወይ ሚስት ያገባል፣ ወይ ጎረቤቱን ይከሳል። መደጋገሙ ጉልበቱን ቀንሶ ጊዜውን አብዝቶታል። አንዱ ትልቅ ግፊት ተመንዝሮ ብዙ ትንንሽ ግፊት ሆኗል፤ ትንንሽ ስለሆነም እጅ አያስፈልገውም፣ በአፍ ይሠራል። ገፋፊ የተባለ ሰው ሲጠየቅ «እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?» ማለት የሚቀናውም ለዚህ ነው። አንዷን ቃሉን ነጥላችሁ ብትመረምሯት እውነትም ምንም የላትም። «አንተ ብትሆን እኮ ያምርብሃል» ማለት ምን ወንጀል አለው? ሠላሳ ጊዜ ስትባል ነው ነገር የምትሆነው።

አዳማ ላይ ይህን ሁሉ በሁለት ቋንቋ መስማት ይቻላል። በኦሮምኛ «ቱቁ» መንካት ነው፤ «ቱቱቁ» መነካካት። «ካሱ» ማንሳት ነው፤ «ከካሱ» ማነሳሳት። «ጀቤሱ» ማጠንከር ነው፤ «ጀጀቤሱ» ማበረታታት። ልዩነቱ የሚደገመው ቦታ ላይ ነው፤ ኦሮምኛ የቃሉን መነሻ ይደግማል፣ አማርኛ መሐሉን። አካሄዳቸው ግን ጎን ለጎን ነው። ሁለቱም ማንሳትን ወስደው፣ ደጋግመው፣ ማነሳሳት አደረጉት፤ ሁለቱም ከጥንካሬ ተነስተው፣ ደጋግመው፣ ማበረታታት ላይ ደረሱ። አንዱ ኩሻዊ፣ ሌላው ሴማዊ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ሰውን ለማስነሳት አንዴ በቂ እንዳልሆነ ተስማምተዋል። የአዳማ፣ የሞጆ ወይም የመቂ ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ኳስ ሜዳ ዳር ቆሞ ጓደኛውን በ«ጀባዹ! ጀባዹ!» ጀምሮ በ«በርታ በርታ!» ይጨርሳል።

ጠብን በተመለከተ ግን ቃላቱ ያሉት ማንደጃው ዘንድ ነው። በመቂና በዝዋይ፣ በወለንጪቲና በመተሐራ መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ አፉ በቅጠል ተከድኖ ቆሞ ታያላችሁ። ያ ከሰል አዳማ ገብቶ ቡና ሊፈላበት ሲል ምን ምን እንደሚደረግለት በቅርብ እንየው፤ ለጠብ የምንጠቀምባቸው ግሶች ግማሾቹ በተራ በተራ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ክብሪት ይጫራል። መጫር ከምንም መጀመር ነው፤ እሳት አልነበረም፣ አሁን ኖረ። ጠብ ጫሪም እንደዚያው ነው፤ ማንም ምንም ሳይለው፣ የቆየ ቂም ሳይኖር፣ ያልነበረ ነገር የሚፈጥር ሰው ነው። ቀጥሎ ይለኮሳል። ለኮሰ ካንዱ ወደ ሌላው የማስተላለፍ ትርጉም አለው፤ ክብሪቷ ጭራሮዋን፣ ጭራሮዋ ከሰሉን። «ነገር ለኩሶ ዞር አለ» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ለኳሽ እስኪነድ ድረስ ቆሞ አይጠብቅም፣ ሥራው ማያያዝ ብቻ ነው። ሁለቱም ነጠላ ግሶች መሆናቸውን ልብ በሉ። ክብሪት አንዴ ከበራ ደግሞ አይጫርም።

ከዚህ በኋላ መደጋገም ይመጣል። ከሰሉ ጫፉ ቀላ፣ ግን አልተያያዘም፤ ስለዚህ ይራገባል። ማራገቢያው የስንደዶ ሊሆን ይችላል፣ የካርቶን ቁራጭም ይሆናል፣ ክዳንም ይሆናል፤ ዋናው ያለማቋረጥ መመላለሱ ነው። ወሬ ያራግባል የምንለው ሰው እሳቱን አልፈጠረውም። እሱ ያመጣው አየሩን ነው። (አዳማ ላይ እንኳ ለማራገብ ሰው የሚያስፈልግ አይመስልም። ነፋሷ ላይ ሁለት የኃይል ማመንጫ ቆሞ በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ተተክሎበታል፤ የ51 እና የ153። ደጅ ላይ ከሰል ያያያዘች ሴት ማንደጃዋን ወደ ግድግዳ ጥግ የምትገፋው እሳቱ እንዳይጠፋባት ሳይሆን ቶሎ ነዶ ከሰሉን እንዳይበላባት ነው።) ሲራገብ ይፋፋማል፤ ፋመ፣ ፍም ሆነ ማለት ነው። ጦርነት ተፋፋመ፣ ክርክሩ ተፋፋመ ስንል ነበልባሉን አልፎ ውስጡ ቀይ ሆኗል ማለታችን ነው። ነበልባል በውኃ ይጠፋል፤ ፍም ግን ውኃ ሲፈስበት ይጮኻል።

ከሁሉም የምትረቀው ቆሰቆሰ ናት። ቡናው ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ተጠጥቶ፣ እሳቱ አመድ ለብሶ ዝም ብሏል። መቆስቆሻው ይገባና አመዱን ገለጥ ገለጥ ያደርገዋል፤ ሥሩ ያለው ፍም አየር ያገኝና እንደገና ይቀላል። ቆስቋሽ እሳት አላመጣም፣ ክብሪት አልጫረም፣ አላራገበም። የነበረውን ነው የገለጠው። ስለዚህ ነገር ቆስቋሽ ለመሆን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰፈሩ እንግዳ ነገር ሊጭር ይችላል፤ ሊቆሰቁስ ግን አይችልም፣ የት እንደተዳፈነ አያውቅማ።

እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ የቡና ጨዋታ ይበቃል። ስኒው እየዞረ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እየተወራ፣ አንዷ ለስለስ ባለ ድምፅ ትጠይቃለች።

«እትዬ፣ ያ የአጥሩ ነገር ታዲያ እንዴት ሆነላችሁ?»

የአጥሩ ነገር በሽማግሌ አልቋል። ድንበሩ ተለክቶ፣ ቆርቆሮው ተተክሎ፣ ሁለቱም ወገን ጉልበት ተሳስመው ተለያይተዋል። ጥያቄው ውስጥ ስድብ የለም፣ ሐሜት የለም፣ የማንም ስም አልተጠራም። የእትዬ ፊት ግን ይለወጣል።

«ኧረ ተይኝ እህቴ፣ አታንሺብኝ።»

ይህ መልስ ራሱ ስንት ነገር ይዟል! «አታንሺብኝ» ስትል የወደቀ፣ የተኛ ነገር እንዳለ አመነች። ተይኝ ካለች በኋላ ደግሞ አትተወውም፤ በሦስተኛው ስኒ የአጥሩ ነገር ከሥር ከመሠረቱ ይተረካል፤ አጥሩን አልፎም ወደ ሟቹ አባት ኑዛዜ ይሻገራል። ነገርን ነገር ያነሳዋል የተባለው ይኼ ነው። ጠያቂዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ በእጇ ላይ አንድም የክብሪት ሽታ አይኖርም።

ከዚያው ማንደጃ ደግሞ ደግ ቃልም ይወጣል። ጨዋታ አሟሟቀ፣ ሠርጉን አሟሟቀ እንላለን፤ ሙቀቱ ያው የእሳት ሙቀት ነው፣ የተለየው ለማን እንደተሠራ ነው። አጋጋለ ግን ወዲያኛው ጎራ ነው። በመሞቅና በመጋል መካከል ያለው ርቀት ማንደጃው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰዉ ዘንድም ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

አሁን ወደ ነጠላዎቹ እንምጣ። ተነኮሰ፣ ለከፈ፣ ጎሰመ፣ ጎሸመ። እነዚህ መደጋገም የግድ አይላቸውም፤ አንዴ ይበቃቸዋል። ማስቆጣት የሚፈልግ ሰው እንደሚያግባባ ሰው ትዕግሥት አያስፈልገውም፤ የሚያመውን ቦታ ካወቀ አንዲት ቃል ትበቃዋለች። በቁስሉ እንጨት ሰደደበት ይባላል፤ እንጨቱ አንድ ነው። ጎሰመ በጣት ጫፍ ወይም በክርን ጎን ላይ ማሳረፍ ነው፤ ያችው ግስ ነጋሪትንም ትመታለች። ነጋሪት ተጎሰመ ማለት አገር ተጠራ ማለት ነበር፤ የአዋጅ ጋዜጣችንም ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት የሚባለው በዚያ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሲጎሰም ዘሎ ይነሳል፤ አገርም ሲጎሰም እንደዚያው ታስቦ ይሆናል።

ነዳም ነጠላ ነው። ከብት ይነዳል፣ መኪና ይነዳል። የዝዋይ ባለጋሪ ፈረሱን ሲነዳ ጅራፉን አየር ላይ ያጮኸዋል፣ «ቼ!» ይለዋል፣ ፈረሱ ይሄዳል፤ ማግባባት የለም፣ ምክንያት ማቅረብ የለም። ሰው ተነዳ ከተባለ ግን ስድብ ነው፤ ሐሳቡን ማንም አልጠየቀውም ማለት ነው። የሚገፋፉት ሰው ቢያንስ እንቢ የማለት ዕድል አለው፤ ለዚያ ነው መደጋገም ያስፈለገው።

ሕጉም ይህን መንታ መንገድ ያውቀዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 36 ላይ ሌላውን ሰው አግባብቶ፣ ተስፋ ሰጥቶ፣ ገንዘብ ወይም ስጦታ አቅርቦ ወይም አስፈራርቶ ወንጀል እንዲፈጽም ያደረገ ሰው አነሳሽ ይባላል፤ ወንጀሉ ቢያንስ ከተሞከረ ደግሞ እጁን ሳያነሳ ይቀጣል። የ«ምን አደረግኩ?» መልስ እዚያ አይሠራም። በሌላ በኩል አንቀጽ 82 ቅጣት የሚቀልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር በከባድ ትንኮሳ ወይም ያለ አግባብ በተሰነዘረ ስድብ ቁጣ ገንፍሎበት ወንጀል የሠራን ሰው ያስባል። በመጀመሪያው ጉዳይ ደጋጋሚው ራሱ ሳጥን ውስጥ ይቆማል፤ በሁለተኛው ተንኳሹ የተመታው ወገን ሆኖ ሳለ መተንኮሱ ይቆጠርበታል። ገፋፋ ወንጀልን ለሁለት ሰው ያካፍላል፤ ተነኮሰ ደግሞ ከወንጀለኛው ላይ ጥቂት ይቀንስለታል።

ሥርዓቴን የምታፈርስ አንዲት ቃልም አለች፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ሲተረጉም በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ያለ ፈቃዷ ወይም ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲስማሙ ማግባባትን ነው የሚያነሳው። ይህ በእኔ አከፋፈል ትንኮሳ አይደለም፣ ጉትጎታ ነው። መንገድ ላይ የሚወረወረው ለከፋ አንዴ ተብሎ ያልፋል፤ ልጅቱ ወደ ቤቷ ትገባለች። አለቃ የሆነ ሰው ግን ነገ እዚያው ነው፣ ከነገ ወዲያም። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ውስጥ በአንድ መስመር ላይ ቀኑን ሙሉ ለምትሰፋ ልጅ የሚከብዳት ያ መመላለሱ ነው። ቃሉ ነጠላ ሆኖ ነገሩ ድርብ ነው፤ አዋጁ ከቋንቋው ይልቅ ነገሩን ማየቱ ትክክል ነው እላለሁ።

መንትያዎቹ እርስ በርሳቸው በምን ይለያሉ? መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ጨቀጨቀን በነዘነዘ፣ ነዘነዘን በጨቀጨቀ ቢፈታላችሁ አይግረማችሁ። የኔ መልስ፣ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከተናጋሪው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ነው እንበል። ልጁ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። እናት ከኩሽና ሽንኩርት እየከተፈች ትጣራለች።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም መጽሐፍ አትይዝም?»

«እሺ እማ።»

«ትናንትም እሺ ብለሃል።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

አንድ ነገር ነው የተደረገው። እናትን ብትጠይቋት «እየመከርኩት ነው» ትላለች። ልጁ ለጓደኛው «ስትጨቀጭቀኝ ነው የዋለችው» ይላል፤ ጭቅጭቅ ሁለት አፍ ይፈልጋልና በዚህ ቃል የራሱንም ምላሽ ሳያውቀው አመነ። የልጁ እህት «ትነዘንዘዋለች» ካለች ደግሞ እናቲቱ ላይ ፈረደች፤ ንዝነዛ ግብ የለውም፣ ልማድ ነው፣ ነዝናዛ ሰው የፈለገው ቢሆንለት እንኳ አይተውም። አስተማሪው «እናቱ ባትጎተጉተው ኖሮ» ይላል፤ ጉትጎታ ወደ አንድ ቦታ ነው፣ ሲደረስ ይቆማል። ውጤት መጥቶ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ፎቶ ሲነሳ፣ ያው ልጅ ምን ይላል? «እናቴ አበረታታችኝ።» ሽንኩርቱም ሶፋውም ቃላቱም አልተለወጡም፤ ውጤቱ ነው ግሱን የመረጠው።

ኮረኮረ ከዚህ ሁሉ ትለያለች፤ የምትፈልገው እንዲነገራት ነው። ጎን ሲኮረኮር ሳቅ እንደሚያመልጥ፣ ሰውም በዘዴ ሲኮረኮር ወሬ ያመልጠዋል፤ ኮርኩሮ አናገረው ይባላል። ጋዜጠኛም፣ መርማሪ ፖሊስም፣ አማትም የሚኖሩት በዚህች ግስ ነው።

ወተወተና ጎተጎተ ደግሞ ከኩሽና ወጥተው ቢሮ ገብተዋል። የሲቪል ማኅበራት ሰዎች መንግሥት ወይም ምክር ቤት አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚሠሩትን ሥራ ውትወታ ወይም ጉትጎታ ይሉታል፤ በጀት ይያዝለታል፣ ሪፖርት ይጻፍለታል። ወሰንም ተበጅቶለት ያውቃል። በአዋጅ 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በመሰል ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር፤ በአዋጅ 1113/2011 ነው ያ የተነሳው። መንግሥትን ማን ይጎተጉት የሚለው ጥያቄ አሥር ዓመት በመቶኛ ተመልሶ ነበር ማለት ነው። እናትን እንዲህ የሚገድብ አዋጅ እስካሁን አልወጣም።

ቀሰቀሰ ረጅም መንገድ የሄደች ግስ ናት። መነሻዋ ከእንቅልፍ ማንቃት ነው። ዛሬ የምርጫ ቅስቀሳ አለ፣ ስሜት ቀስቃሽ ፊልም አለ፣ ወኔ ቀስቃሽ ዘፈን አለ፣ ድምፅ ማጉያ ጣሪያዋ ላይ የታሰረላት ቀስቃሽ መኪና አለች። ሁሉም ውስጥ ተቀስቃሹ ተኝቶ ነበር የሚል ግምት አለ፤ ፖለቲከኛ በሙሉ ልቡ የሚያምነው ነው፣ ሕዝቡ ግን ብዙ ጊዜ ነቅቶ ዝም ብሎ ነው።

ስለ ማበረታታት አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። አበረታታ፣ አነሳሳ፣ አደፋፈረ፤ ሦስቱም መሐላቸው ተደግሞ ከፊታቸው «አ» አለ። ይህ ዓይነቱ አሠራር አማርኛ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማገዝ ትርጉም አለው። ዕቃ የጠፋበትን አፈላለገው ስንል አብሮት ፈለገ ማለታችን ነው። በ«አስ» የሚጀምሩትን አስገደደ፣ አስጨነቀ፣ አስቆጣን ከጎናቸው አቁሟቸው፤ እዚያ አንዱ አድራጊ፣ ሌላው ተደራጊ ነው፣ አብሮ የሚሠራ የለም። ልዩነቱን ከሁሉ የሚያሳየው የአትሌቲክስ ጋዜጠኞቻችን ቃል ነው፤ አሯሯጭ። አሯሯጭ ከኋላ ሆኖ «ሩጥ!» አይልም። ከፊት ሆኖ ይሮጣል፣ ነፋሱን ይቀበላል፣ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ከተዋዋለበት ኪሎ ሜትር በኋላ ከመንገዱ ይወጣል። ከአዳማ ሽቅብ ካለችው ከአሰላ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲገባ፣ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ ከፊቱ አሯሯጮች ነበሩ። ዳር ቆሞ «ግፋ በለው!» የሚል ደጋፊ ሌላ ነው፤ እሱ አይደክመውም፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይጮኻል።

ይህ ሁሉ ግስ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል ለማየት ከምሳ ሰዓት የተሻለ የለም። እንግዳ ገብቷል፣ «ብሉ እንጂ» ተብሏል። እንግዳው ይግደረደራል። መግደርደር ምን ያህል የተራቀቀ ነገር መሰላችሁ! እርቦት ሳለ አልራበኝም ይላል፣ አስተናጋጇም እንደራበው ታውቃለች፣ እሱም ማወቋን ያውቃል። ስለዚህ ግድ ትለዋለች። «አፈር ስሆን!» ትላለች፤ አይበቃም። «በሞቴ!» ትላለች፤ እጁ ወደ መሶቡ ትንሽ ይቀርባል። የመጀመሪያውን «አይ፣ በልቻለሁ» አምና ሳህኑን ብታነሳበት ኖሮ ግን ለዘመድ ሁሉ የሚነገር ቅያሜ ይሆን ነበር። እንቢታው ራሱ ጥያቄውን እንዲደገም የሚጠራ ነው።

ከዚያ ጉርሻው አለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ስለዚህ የግድ ሁለተኛ ይከተላል፣ ሁለተኛው ከመጣ ሦስተኛው ከጎኑ ካለው ሰው ይመጣል። ቡናው ደግሞ ከመነሻው በድግግሞሽ የተሠራ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከቶና በኋላ ለመነሳት የሞከረ ሰው «በረካውን ጥለህ?» ይባላል፤ በረከትን ረግጦ እንደሚሄድ ሰው ይታያል፣ ይቀመጣል። ሦስተኛው ስኒ ቀጥኖ የሻይ መልክ ቢኖረውም ያው መጠጣት ነው። ይህን ሁሉ ማንም ጭቅጭቅ አይለውም፤ ማክበር ይባላል። ከውጭ ለመጣ ሰው ግን እናቲቱ ለፈተና ከምታደርገው በምንም አይለይም፤ ያው ድምፅ፣ ያው መመላለስ።

ማምለጥ ይቻላል ወይ? «ጠግቤያለሁ» አይሠራም፤ ሆድ ሰፊ ነው ይባላል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ጥቂት ይሠራል፤ ግን የትኛው ሐኪም፣ መቼ፣ ምን ብሎ የሚል ኩርኮራ ያስከትላል፤ ለዚያም በሽታ የሚጠቅም ቅጠል ይታዘዛል። «እቸኩላለሁ» ደግሞ ጭራሽ ያባብሳል፤ የሚቸኩልን ሰው ቶሎ ቶሎ ነው የሚያጎርሱት። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ፣ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት፣ የአስተናጋጅን እጅ በአንዴ የምታቆም ሐረግ አንዲት ብቻ ናት፤ «ጾም ነኝ»። ደግመው አይጠይቁህም፣ ይቅርታም ይሉሃል፣ ሳህኑም ይነሳል። የጾሙ መፍቻ መቼ እንደሆነ ግን እዚያው በር ላይ ትጠየቃለህ፤ ቀኑን ከተናገርክ ደግሞ ተቀጥረሃል።